ድምፅ ያነሳት መኪና

ሰው ሁሉ ጥፋቱ የኔ ይመስለዋል። ነቀምቴ ውስጥ የሰርግ አጀብ አልፎ የሱቅ መስታወት ከተንቀጠቀጠ፣ አንዲት ሴትዮ ልቧን ደግፋ ከባጃጅ ከወረደች፣ «የዚያ ሰውዬ ሥራ ነው» ይባላል። አልክድም፣ ብዙውን ጊዜ የኔ ሥራ ነው። የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ፤ እንጀራዬ ግን ከመብራትና ከዲናሞ ይልቅ ከድምፅ ይመጣል። አምፕሊፋየር እገጥማለሁ። የመኪናው ቴፕ የሚያወጣውን ደካማ ድምፅ ተቀብሎ፣ አጎልብቶ ለስፒከሩ የሚያቀብል የብረት ሳጥን ነው፤ ሌላ ጥበብ የለውም። መዝሙር ብትሰጠው መዝሙር፣ ውሸት ብትሰጠው ውሸት ያጎላልሃል።

ደንበኞቼ ሁሉ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «ደረቴን ይምታኝ»። ሰው ከፍሎ ደረቱን መመታት ለምን እንደሚፈልግ እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ቢሆንም እመታዋለሁ። «ቃሉ ጠርቶ ይሰማኝ» ብሎ የመጣ ሰው በዘመኔ አንድ ብቻ ነው የገጠመኝ። እሳቸውም የሚስቴ አባት ናቸው።

አማቴን ነቀምቴ ላይ የማያውቅ የለም። ዕድሜያቸውን በአስተማሪነት ጨርሰው ጡረታ የወጡ፣ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ፣ ከሁሉ በላይ ግን አስታራቂ ናቸው። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወንድማማች በድንበር ሲካሰስ፣ ከሲሬ እስከ አርጆ፣ መንገዱ ሰላም ሲሆን ደግሞ እስከ አንገር ጉቲን ድረስ «እሳቸው ይምጡልን» ይባላል። ጃርሱማ ይሉታል በኦሮምኛ፣ ሽምግልናውን። ለሳቸው ከጡረታ በኋላ ጠዋት ከአልጋ የሚያስነሣቸው ነገር እሱ ብቻ ነው። ሽማግሌ ደግሞ ዓይኑ ቢደክም ይመሩታል፣ ጉልበቱ ቢደክም ደግፈው ያስቀምጡታል፤ ጆሮው ከደከመ ግን «እንግዲህ ይረፉ» ይባላል። ይህቺን «ይረፉ» የምትባል ቃል አማቴ ከሞት ይልቅ ይፈሯት ነበር።

ቃሏ መሰማት ጀምራለች። ሲሬ ላይ ሁለት ጎረቤታሞችን ሲያስታርቁ፣ አንደኛው ሰውዬ ገና ቅሬታውን እየተናገረ ሳለ፣ አማቴ የጨረሰ መስሏቸው ተነሥተው መረቁ። ጉባኤው አሜን ከማለት ሌላ ምርጫ አልነበረውም፤ ምርቃት አይቋረጥም። ሰውዬው የቅሬታውን ግማሽ በሆዱ እንደያዘ ታረቀ። ከዚያ ወዲህ አብረዋቸው ብዙ ዘመን በሽምግልና የተቀመጡ አንድ ረጅም ሰው፣ ከዘራቸውን ከእጃቸው የማይለዩ፣ «ወንድማችን ደክሟቸዋል» እያሉ በየሰው ጆሮ ማንሾካሾክ ያዙ። ያለ ሥጋት ነው የሚንሾካሾኩት፤ ባለቤቱ አይሰሙማ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለካ እንዲህም ኖሯል።

ቤት ውስጥ ግን ይህ ጉዳይ ስም የለውም። አማቴ ምንም አልሆኑም፤ የደከመው ዓለሙ ነው። ቴሌቪዥኑ አርጅቷል። ሰባኪው አዲስ ስለሆነ ድምፁ አልወጣም። የልጅ ልጆቹ የዛሬ ልጆች ስለሆኑ እያጉተመተሙ ነው የሚያወሩት። የስልኩ ነገር ደግሞ ኔትወርክ ነው፤ እኛ አገር ጥፋት ኔትወርክ ላይ ሲጫን የሚከራከር የለም። የሚስቴ እናት ይህን ሁሉ እየሰሙ «እውነትዎን ነው» ይላሉ፣ ጮክ ብለው።

አንድ ጠዋት አማቴ መኪናቸውን ሱቄ ደጃፍ አቆሙ። ድምፅ አንሷታል፣ እያት አሉኝ። ገብቼ ጎናቸው ተቀመጥኩ። ሬዲዮውን ከፈቱ፤ በኦሮምኛ ዜና እየተነበበ ነበር። መዘውሩን እስከ መጨረሻው አዞሩት። ደረት መምታት ሥራዬ የሆነ ሰው፣ እኔ፣ የወንበሩን ጠርዝ ጨብጬ ያዝኩ። ማዶ ጫማ የሚጠግነው ሰውዬ መርፌውን እንደያዘ ቀና ብሎ አየን። አማቴ በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁና «አየህ? ምንም የለም» አሉ።

ምን ልበል? በዚህ አገር አማች ማለት፣ ሶዳ ይሉታል፣ የሚስቱን አባት ዓይን ለዓይን የማያይ፣ ቃላቸውን የማያጥፍ፣ እሳቸው ሳይቀመጡ የማይቀመጥ ሰው ነው። እኔ ደግሞ አያቶቼ ከጎጃም የመጡ፣ ቤተ ክርስቲያኔ ከነሱ የተለየ፣ ልጃቸውን ሲሰጡኝ ግማሹ ዘመድ ያጉረመረመባቸው ሰው ነኝ። የአገሩ ልጅ ደንብ ቢያጓድል «ረስቶት ነው» ይባላል፤ እኔ ባጓድል «ድሮስ!» ነው የሚባለው። ስለዚህ ሶዳነቴን ከሶዳ ሁሉ አብልጬ እጠብቃለሁ። «እውነትዎን ነው አባባ፤ ድምፅ አንሷታል» አልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ከዚያ በኋላ ጤነኛ መኪና ማከም ግዴታዬ ሆነ።

ቤት ገብቼ ለሚስቴ ነገርኳት። ሐኪም ቢያያቸው አይሻልም ወይ አልኩ። እንግዲያው አንተ ንገራቸው አለች። ልጃቸው አንቺ ነሽ ብላት፣ ልጅ አባቷን «አይሰሙም» ትላለች እንዴ ብላ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። እናትሽስ? እናቴ አብራቸው ነው የምትኖረው፣ ምን በወጣት። የቤተ ክርስቲያኑ አገልጋይስ? እሱ ተማሪያቸው ነበር፣ እስካሁን ሲያያቸው ይንቀጠቀጣል። ይህን ሁሉ ቆጥራ ስትጨርስ «ዝም አይነቅዝም፤ ይልቅ አርፈህ ሣጥንህን ግጠም» አለችኝ። የሙያ ትእዛዝ ከሚስቴ ስቀበል ያ የመጀመሪያው ነው።

ሥራው ራሱ ቀላል በሆነ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ኦርጅናሉን ቴፕ ነቅዬ፣ በምትኩ ባለ ትልቅ ስክሪኑን ገጥሜ፣ አምፕሊፋየሩን ከሱ ጋር አገናኝቼ ግማሽ ቀን ሳይሞላ እሸኘዋለሁ። አማቴ ግን ፋብሪካው የገጠመው ነገር ንክች እንዳይል አሉ፤ የሠራት ሰው የሚያውቀው ነገር አለ ብለው። እውነትም አላቸው። የዛሬ መኪና ቴፕ፣ ቴፕ ብቻ አይደለም። የኋላ ማርሽ ሲገባ የሚጮኸው፣ ቀበቶ ያላሰረን ሰው የሚቆጣው፣ ስልክ ተቀብሎ በመኪናው ስፒከር የሚያነጋግረው ሁሉ እዚያው ውስጥ ነው። ነቅለህ ከጣልከው መኪናዋ ዲዳ ሆነች ማለት ነው። ስለዚህ የቀረኝ መንገድ ቴፑን ሳልነካ፣ ወደ ስፒከሮቹ ከሚሄደው ሽቦ ላይ ድምፁን መጥለፍ፣ በትንሽ መቀየሪያ አለዝቤ ከወንበር ሥር ላለው አምፕሊፋየር ማቀበል፣ ጎልብቶ ሲወጣ ለአዳዲስ ስፒከሮች መስጠት ነበር።

ፋብሪካ ደግሞ ፈሪ ነው። ድምፁን ከፍ ባደረግክ ቁጥር ትንንሾቹ ስፒከሮች እንዳይቀደዱ ብሎ፣ ሳይነግርህ ወፍራሙን ድምፅ ይቀንሰዋል። እኔ የጠለፍኩት እንግዲህ ቀድሞ የተሸረፈ ድምፅ ነው። ደረቱን መመታት የሚፈልግ ደንበኛ ይህን ሲሰማ ይጣላኛል፤ ስንቱ ሰድቦኛል። አማቴ ግን የሚፈልጉት ቃል ነው፣ ቃል ደግሞ በቀጭኑ በኩል ነው ያለው። የፋብሪካ ፍርሃት ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመኝ።

ከዚያ ፉጨት መጣ። ሞተር ሲነሣ ከስፒከሩ ቀጭን ፉጨት ይወጣል፣ ነዳጅ ሲረገጥ አብሮ ከፍ ይላል። የሙያችን የታወቀ በሽታ ነው፤ አምፕሊፋየሩን ከመኪናዋ ብረት ጋር የሚያስረው ኔጌቲቭ ሽቦ በደንብ ካልያዘ የዲናሞው ጩኸት ሾልኮ ይገባል። ቀለም ፋቅኩ፣ ቦታ ቀየርኩ፣ ያሰርኩትን ሁሉ ፈታሁ። ላብ በላብ ሆኜ ከወንበር ሥር ስወጣ አማቴ ቆመው ያዩኛል። ምን ጠፋህ አሉኝ። ፉጨት እያባረርኩ ነው አልኳቸው። ጆሯቸውን ስፒከሩ ላይ ለጥፈው አዳመጡና «የታለ?» አሉ፤ አዘኑልኝም። ባለቤቱ ለማይሰማው ፉጨት ያን ሁሉ ላብ ማፍሰሴ የሙያ ክብር ይሁን ጅልነት እስካሁን አለየልኝም። ብቻ ፉጨቱ ጠፋ።

በመጨረሻ ቁልፉን ሰጠኋቸው። ገብተው ሞተር ሲያስነሡ የቀበቶው ማስጠንቀቂያ በአምፕሊፋየሩ በኩል ቲን፣ ቲን ብሎ ሱቁን አናወጠው። አማቴ ዘለል ብለው ይሄ ደግሞ ምንድን ነው አሉ። ቀበቶ ይሰሩ እያለች ነው አልኳቸው። ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የምትለው ሲሉኝ፣ ከፋብሪካ ከወጣች ጀምሮ አልኩ። ትንሽ አሰቡና ቀበቷቸውን ስበው አሰሩ። ከዚያን ቀን ወዲህ ነቀምቴ ላይ ግቢ ውስጥ በቆመ መኪና ቀበቶ አስሮ የሚቀመጥ ሰው አማቴ ብቻ ናቸው።

እዚያው እንዳሉ ስልካቸው ጠራ። ቀደም ብዬ ከቴፑ ጋር አገናኝቼው ስለነበር መኪናዋ አነሣችው። የደወሉት አንገር ጉቲን የሚኖሩ የድሮ ባልደረባቸው ናቸው። «አካም ጅርቱ» የሚለው የሰላምታ ድምፅ መኪናዋን ሞላት። አማቴ እጃቸውን ከመሪው ላይ አነሡ። ሰውዬው ስለ ሰሊጡ፣ ስለ ጉልበታቸው፣ ሰርግ ሊደግሱ ስላሰቡላት ልጃቸው አወሩ፤ አማቴ አንድም ጊዜ «እ?» ሳይሉ መለሱላቸው። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እኔም ዞር ብዬ ያልጠፋ ፒንሳ መፈለግ ጀመርኩ። ሲጨርሱ ጉሮሯቸውን ጠራረጉና «ኔትወርኩ ተስተካከለ» አሉኝ።

ከዚያ የሆነውን ያሰበ የለም። አማቴ ለባለጉዳይ ሁሉ «ደውልልኝ» ማለት ጀመሩ። ከሩቅ ያለው ይደውል፣ ደግ። ነገር ግን ደጃፋቸው ድረስ የመጣውንም ሰላም ብለው፣ የቤተሰቡን ደኅንነት ጠይቀው ሲያበቁ «በል እዚያ ሂድና ደውልልኝ» ይሉትና መኪና ውስጥ ገብተው፣ ቀበቶ አስረው ይጠብቁታል። የመጀመሪያው ባለጉዳይ በረንዳው ላይ ቆሞ ሲደውል የመኪናዋ ድምፅ ተመልሶ በስልኩ ገባና የሚያደነቁር ጩኸት ተነሣ። ተጠራሁ። ወዲህ ወዲያ እያስቆምኩ ስሞክር፣ ከግቢው ጫፍ ካለው የአቮካዶ ዛፍ ሥር ሲሆን ጩኸቱ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ከሳሽም ተከሳሽም አቮካዶው ሥር እየቆመ ይናገራል። ሰው ምክንያቱን ስላላወቀ ሥርዓት መሰለውና እዚያ ሲደርስ ኮፍያውን ማውለቅ ጀመረ።

ለምን በስልክ ተብለው ሲጠየቁም መልስ አላቸው። ሰው ፊት ለፊት ሲነጋገር ይቆጣል፣ በስልክ ሲሆን ግን ሂሳቡ እንዳያልቅበት ቃሉን ይመጥናል ይላሉ። ይህ እንደ ትልቅ ጥበብ ተወራ። ሲሬ ያሉ አንድ ሽማግሌ፣ ጆሯቸው እንደ ልጅ ጆሮ ደኅና የሆነ፣ ወሬውን ሰምተው ባለጉዳይ ከደጅ አቁመው እሳቸው ከጓዳ በስልክ ማስታረቅ ጀመሩ አሉ። መኪና እንኳ የላቸውም።

ሌላም ጥቅም ተገኘበት። በአምፕሊፋየር የወጣን የባልና ሚስት ጠብ አጥር አይመልሰውም። ጎረቤቱ ሁሉ ጎመን የሚቀነጥሰውም፣ ምስር የሚለቅመውም በዚያ ሰዓት አጥር ሥር ሆነ። ባለጉዳዩም ይህን ስላወቀ ውሸት ቀነሰ፤ እውነቱን የሚያውቅ ጎረቤት ከአጥሩ ማዶ ይስቅበታላ። የአማቴ ስም ከበፊቱ ይልቅ ገነነ፣ የባለ ከዘራው ሹክሹክታም ረገበ። እኔም በየመንገዱ ስሄድ ደረቴን ነፋሁ፣ ማንም ሳይመታኝ።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ የአርጆው ነገር መጣ። ሁለት ወንድማማቾች አባታቸው ከሞቱ በኋላ በቡና መሬት ተጣልተው ገጀራ እስከ መማዘዝ ደርሰዋል። ታላቅየው እናታችን ላንተ ይገባል ብላኛለች ይላል፤ ታናሽየው የለም፣ እኩል ተካፈሉ ነው ያለችው ይላል። ጉዳዩን የያዙት ባለ ከዘራው ሽማግሌ ነበሩ፤ አማቴንም ዋና ሆነው ይምጡልን ብለው ጠሯቸው። ነገር ግን አንድ ነገር ጨመሩበት። የእናት ቃል የሚሰማበት ጉባኤ ስለሆነ በስልክ አይሆንም፣ እንደ ደንቡ ዛፍ ሥር፣ ፊት ለፊት ይሁን አሉ። አነጋገራቸው ጨዋ ነበር፤ ትርጉሙ ግን ለሁላችንም ገባን። አማቴ እዚያ ሳይሰሙ ከቀሩ በጉባኤ ፊት «ይረፉ» ይባላሉ፣ ያ ደግሞ መመለሻ የለውም። ስንነሣ የሚስቴ እናት በሩን ይዘው ቆመው ቀሩ። ሚስቴ ከአባቴ ጎን እንዳትለይ አለችኝ፤ አማች ጉባኤ ላይ ከአማቱ ጎን እንደማይቀመጥ ጠፍቷት አይደለም።

በመንገድ ሬዲዮ አልከፈቱም። መኪናዋን እኔ ነዳሁ፤ እሳቸው ቀበቷቸውን አስረው ውጭ ውጭውን ሲያዩ አርጆ ገባን።

ጉባኤው ትልቅ ዋርካ ሥር ነበር። መኪናዋን ከግቢው ዳር አቁሜ እዚያው ቆምኩ። ወንድማማቾቹ ተናገሩ፣ ቱግ እያሉ፣ እጃቸውን እያወናጨፉ፤ እነሱን እንኳን አማቴ፣ ገበያ ያለውም ሰምቷቸዋል። ከዚያ እናትየው ተጠሩ። ደቃቃ ናቸው፤ ነጠላቸው አፋቸው ላይ ደርሷል። መሬት መሬት እያዩ የሆነች አጭር ነገር ተናገሩና ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ሽማግሌዎቹ በአንድነት ራሳቸውን ነቀነቁ። ከመካከላቸው አንዱ «እሰይ፣ የእናት ቃል» አሉ። አማቴም ነቀነቁ። ከዚያ ሁሉም ፍርዱን ለመስማት ወደ አማቴ ዞረ፣ አማቴ ወደኔ ዞሩ።

ያን አስተያየት አልረሳውም። እሳቸው ግን ብልኅ ናቸው፤ የእናት ቃል በባዶ ሆድ አይመዘንም፣ መጀመሪያ ምሳ ይበላ አሉ። ምሳን የሚቃወም ሽማግሌ እስካሁን አልተወለደም። ሰዉ ወደ ምሳው ሲነሣ እሳቸው ወደ መኪናዋ መጡ።

ገብተን በሩን ዘጋን። ከመሪው ኋላ ተቀምጠው፣ መሪውን እያዩ፣ እናትየው ያሉትን ጠየቁኝ። መለስኩላቸው፤ አልሰሙም። ድምፄን ከፍ አደረግኩ፤ ከዋርካው ሥር ሰዎች ዞረው አዩን። አማቴ በአገጫቸው ወደ ስልኬ፣ ከዚያ ወደ አጥሩ አመለከቱኝ። ወርጄ አጥሩ ድረስ ሄድኩና ደወልኩ። መስኮቱን ዘግተው፣ ቀበቷቸውን አስረው ሲጠብቁኝ በመስታወቱ ይታዩኛል።

«ምን አሉ?» አሉኝ።

«እኔም አልሰማሁም አባባ።»

«አንተም?»

«እኔም። ሩቅ ነበርኩ፤ እሳቸውም በነጠላቸው ውስጥ ነው የተናገሩት።»

የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት፤ አልተቋረጠም።

«እኔ እኮ መስማት ካቆምኩ ቆየሁ» አሉ። «ታውቃለህ አይደል?»

ፊት ለፊት ቢሆን ኖሮ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። በስልክ፣ በመካከላችን መስታወት ቆሞ፣ «አውቃለሁ» አልኳቸው።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሬዲዮውን እስከ መጨረሻው ካዞሩት ቀን ጀምሮ።»

«ታዲያ ለምን ሣጥን ገጠምክልኝ?»

«አማች ነኛ አባባ። ምን ላድርግ?»

ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁና ክው አልኩ፤ የሚያለቅሱ ነበር የመሰለኝ። ድምፁ ሲደርሰኝ ግን ሳቅ ነው። ከልባቸው እየሳቁ ነው። ሳቃቸው አምፕሊፋየር ሳያስፈልገው እስከ አጥሩ መጣ፤ እኔም ብቻዬን አጥር ሥር ቆሜ እንደ እብድ ሳቅኩ። ሲበቃቸው ቀበቷቸውን ፈቱና ወረዱ።

ጉባኤው ተመልሶ ሲሰየም አማቴ አልተቀመጡም። «እናታችን ያሉትን አልሰማሁም» አሉ። «ጆሮዬ ከደከመ ቆይቷል። የእናት ቃል ያልሰማ ሰው ልጆቿን አይዳኝም። እንግዲህ የሰማ ይንገረኝ።»

ባለ ከዘራው ሽማግሌ የጠበቁት ይኼንኑ ነበርና ቀና አሉ፤ ከዚያ ደግሞ የሚነግሩት ነገር እንደሌላቸው ትዝ አላቸው መሰለኝ ወደ ጎናቸው ወዳሉት ሰው ዞሩ። እሳቸው ወደሚቀጥለው ዞሩ፣ ያም ወደሚቀጥለው። «እሰይ» ያሉት ሰው ጫማቸውን ይመረምሩ ነበር። ታላቅየው ለኔ ነው የፈረደችው አለ፤ ታናሽየው ለኔ ነው አለ። ምን ብላ ቢባሉ ግን አንዳቸውም ቃሏን መድገም አልቻሉም። ያ ሁሉ ደኅና ጆሮ ተሰብስቦ፣ አለመስማቱን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ኖሯል።

አማቴ ወደ እናትየው ሄደው ዝቅ ብለው እጅ ነሡ። «ሃዳ ኮ» አሏቸው፣ እናቴ ማለታቸው ነው፤ መጮህ አያስፈልግዎትም፣ እንደ ቅድሙ በራስዎ ድምፅ ይንገሩኝ ብለው ለመኗቸው። ወደ አማቴ ደውዬ እናትየውን ስልኬን አስያዝኳቸውና ጩኸት እንዳይነሣ ከግቢው ጫፍ፣ አጥሩ ሥር አስቀመጥኳቸው። የመኪናዋን በሮች ሁሉ ከፈትኩ። አምፕሊፋየሩን ለሰርግ እንኳ እስከማላደርስበት ወሰን ድረስ አዞርኩት። አማቴ ገብተው ተቀመጡ፤ መኪናዋ ቲን ስትል ቀበቷቸውን አሰሩ። ጉባኤው ይህን ሁሉ ያያል። እናትየው ስልኩን በሁለት እጃቸው ወደ አፋቸው አስጠጉ፤ ነጠላውን ዝቅ አደረጉት። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ከነበርኩበት አንድም ቃል አልተሰማኝም። የተናገረችው መኪናዋ ናት።

«እኔ ገና አልሞትኩም። ምኔን ነው የምትካፈሉት?»

የመኪናዋ መስታወት ነዘረ። ዋርካው ላይ የነበሩ ወፎች ተነሡ። እናትየው ራሳቸው ደንግጠው ስልኩን አዩት፤ የራሳቸውን ድምፅ ያን ያህል ሆኖ ሰምተውት አያውቁም። ያስቀምጡታል ስል መልሰው ወደ አፋቸው አስጠጉት።

«እናታችን እንዲህ አለች ትላላችሁ። አንዳችሁም መጥታችሁ አልጠየቃችሁኝም።»

ሌላ አልጨመሩም። ታላቅየው የቆመበት መሬት ላይ ቁጭ አለ። ታናሽየው ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ባለ ከዘራው ሽማግሌ ኮፍያቸውን አወለቁ፤ እንዲያወልቁ የነገራቸው የለም። ማን ቀድሞ እንደተነሣ አላየሁም፤ ብቻ ሁለቱም ወደ አጥሩ ሄደው እናታቸው እግር ሥር ነበሩ፣ ስልኩ ስላልተዘጋ ለቅሷቸው በስፒከሩ በኩል በግቢው ላይ እያስተጋባ።

አማቴ እጃቸውን መሪው ላይ እንዳደረጉ ቆዩ። ከዚያ በጣታቸው ጠሩኝ። ሄጄ በበሩ በኩል ጎንበስ አልኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ለዓይን ተያየን፣ አላቀረቀርኩም።

«አሁን ቀንሰው» አሉኝ። «ተሰምቷል።»

ይህን ሁሉ ዘመን ድምፅ ስሠራ ቀንሰው ያለኝ ደንበኛ አልነበረም። እጄን ከወንበሩ ሥር ሰድጄ ቀነስኩት።